የቤት ኤሊ የጤና ችግር ምልክቶች

የቤት ኤሊ የጤና ችግር ምልክቶች የሚባሉት በቤት ወይም በግቢ የሚኖር የየብስ ኤሊ መታመሙን የሚጠቁሙ የመልክ፣ የጠባይ፣ የምግብ ፍላጎትና የክብደት ለውጦች ናቸው። ኤሊ ሲታመም እንደ ሌሎች የቤት እንስሳት ድምፅ አያሰማም። ሕመሙም ቀስ እያለ ስለሚያድግ፣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያስተውለው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ የኤሊን ጤና ለመጠበቅ ዋናው ዘዴ የሕመም ምልክት እስኪታይ መጠበቅ ሳይሆን፣ እንስሳው ጤነኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅና በየጊዜው ከዚያ ጋር ማነጻጸር ነው።

ስለ እንስሳው

ኤሊ ከገበሎ አስተኔዎች የሚመደብ ደመ ቀዝቃዛ እንስሳ ነው። የየብስ ኤሊዎች ቴስቱዲኒዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይገኛሉ። በኢትዮጵያ በዱር ከሚኖሩት መካከል ሁለቱ ዝርያዎች በሌሎች አገሮችም በሰው ቤት በብዛት ያድጋሉ። አንደኛው ጀርባው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ያሉት ነብርማ ኤሊ (ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ) ሲሆን፣ ከአፍሪካ ቀንድ አካባቢ አንስቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል። ሁለተኛው ሱልካታ (ሴንትሮኬሊስ ሱልካታ) ይባላል፤ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው ደረቅ ምድር ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ይኖራል። ሱልካታ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ግዙፍ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም በትልቅነቱ 3ኛ ነው፤ ሲያድግ ከ45 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል።

ዝርያውን ማወቅ ለጤና ክትትል አስፈላጊ ነው። በደቡብ አውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካና በምዕራብ እስያ የሚኖረው የግሪክ ኤሊና አውሮፓዊው የኸርማን ኤሊ የቅዝቃዜውን ወራት ተኝተው ያሳልፋሉ። ነብርማ ኤሊና ሱልካታ ግን እንዲህ ያለ የብርድ እንቅልፍ የላቸውም። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱ በብርድ ወቅት ለቀናት ሳይንቀሳቀስና ሳይበላ ቢቆይ «ለክረምቱ ተኝቷል» ተብሎ የሚተው ሳይሆን፣ በጣም በርዶታል ወይም ታሟል ተብሎ የሚመረመር ነው።

ሕመሙ ለምን ይሰወራል?

ለዚህ ሦስት ምክንያቶች ይጠቀሳሉ።

የመጀመሪያው ተፈጥሯዊ ጠባዩ ነው። በዱር የሚኖር ኤሊ የደከመ መስሎ ከታየ የአዳኝ እንስሳት ዒላማ ይሆናል፤ በመሆኑም ሕመሙን እስከ መጨረሻው ሳያሳይ ይኖራል።

ሁለተኛው የሰውነቱ አሠራር ዘገምተኛ መሆኑ ነው። ምግብ የሚፈጨውም፣ ጉልበት የሚያወጣውም፣ ቁስሉ የሚድነውም በዝግታ ነው። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ኤሊ ለብዙ ቀናት ሳይበላ ሊቆይ ስለሚችል፣ በረሃብ ወይም በበሽታ መጎዳቱ ቶሎ አይታይም። አካሉን የሸፈነው ቅርፊት ደግሞ መክሳቱን ይደብቃል።

ሦስተኛው የሰውነቱ ሙቀት በአካባቢው ሙቀት የሚወሰን መሆኑ ነው። ሲበርደው የምግብ መፈጨትም ሆነ የበሽታ መከላከያ ኃይሉ ይዳከማል። በዚህ ጊዜ ተራ የነበረ ጀርም ከባድ በሽታ ሊያስከትል ይችላል፤ በሽታው ራሱም ከብርድ ድንዛዜ ጋር ይምታታል።

ጤናማ ኤሊ

ጤናማ ኤሊ ሲሞቀው ንቁ ነው። በአራቱም እግሮቹ ሰውነቱን ከመሬት አንሥቶ ይራመዳል፤ ሆዱን እየጎተተ አይሄድም። ዓይኖቹ የተከፈቱ፣ ጥርትና ብሩህ ያሉ ናቸው። አፍንጫው ደረቅና ንጹሕ ነው፤ ሲተነፍስ ድምፅ አይሰማም። እግሩ ሲነካ በኃይል ወደ ውስጥ ይስበዋል። በእጅ ሲነሣ እንደ ባዶ ሣጥን የሚቀል ሳይሆን ክብደት ያለው ሆኖ ይሰማል። ምግብ ሲያይ ይቀርባል፤ ሲሸሽም ሆነ ሲደበቅ ያውቅበታል።

ክብደትን መመዝገብ

ከሁሉም ምልክቶች ቀድሞ የሚገኘው በሚዛን ላይ ነው። ትንንሽ ኤሊዎችን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ትልልቆቹን በወር አንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት ሚዛን መዝኖ በደብተር መጻፍ ይመከራል። ኤሊ ውኃ ሲጠጣ ወይም ሲሸና ክብደቱ በግልጽ ስለሚለዋወጥ አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚታየው የተከታታይ ልኬቶች አቅጣጫ ነው።

ለምሳሌ 2,000 ግራም የሚመዝን ኤሊ በየወሩ 60 ግራም እየቀነሰ ቢሄድ፣ ከሦስት ወር በኋላ 1,820 ግራም ይሆናል። ይህም የክብደቱን 9 በመቶ ማጣቱን ያሳያል። ቅርፊቱ መጠኑን ስለማይቀንስ ግን በዓይን ለሚያየው ሰው ኤሊው እንደ ቀድሞው ነው። ይህን የሚናገረው ደብተሩ ብቻ ነው። በማደግ ላይ ያለ ግልገል ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ባይቀንስም እንኳ ለረጅም ጊዜ ሳይጨምር መቆየቱ ራሱ ምልክት ነው።

ኦሊፋንት ጃክሰን የተባሉት እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ክብደትን ከቅርፊት ርዝመት ጋር የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ነበር። ሠንጠረዡ የተሠራው ለግሪክና ለኸርማን ኤሊዎች ስለሆነ፣ የሰውነት ቅርጻቸው ለተለየው ለነብርማ ኤሊና ለሱልካታ አያገለግልም።

ምልክቶቹ በየአካል ክፍሉ

ዓይን፦ ያበጠ ቆብ፣ የተዘጋ ወይም የሚያለቅስ ዓይን፣ በላዩ ላይ የተጋገረ ፈሳሽ ወይም ጭጋግ መሰል ሽፋን የሕመም ምልክት ነው። መንስኤው ባዕድ ነገር፣ አቧራ፣ ኢንፌክሽን ወይም የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊሆን ይችላል። የጎደጎደ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ የውኃ ጥማትን ወይም መክሳትን ያመለክታል።

አፍንጫና አተነፋፈስ፦ ከአፍንጫ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም አረፋ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አንገትን አስረዝሞ አየር መሳብ፣ ሲተነፍስ የሚሰማ ፉጨት ወይም ጠቅታ የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክቶች ናቸው። ኤሊ እንደ አጥቢ እንስሳት ሳንባውን ከሆድ ዕቃው የሚለይ ብርቱ ጡንቻ ስለሌለው በኃይል ማሳል አይችልም። በዚህም የተነሣ በሳንባው ውስጥ የተጠራቀመ አክታና መግል በቀላሉ አይወጣም፤ ጉንፋን የመሰለው ሕመም ወደ ሳንባ ምች ይዛወራል። ከመንስኤዎቹ አንዱ ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በአሜሪካ የሞሃቬ በረሃ ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1990 ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በዚህ ባክቴሪያ የሚመጣው የመተንፈሻ አካል በሽታ ነበር። በሽታው ከኤሊ ወደ ኤሊ ስለሚተላለፍ፣ አዲስ የመጣ ኤሊ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው ለወራት ሊቆይ ይገባል።

አፍ፦ ጤናማ የአፍ ውስጥ ክፍል ገርጣ ያለ ሮዝ ቀለም አለው። በምላስ ወይም በላንቃ ላይ የሚታይ ቢጫ ወይም ነጭ እንደ አይብ ያለ ቅርፊት፣ ደም መቋጠር፣ መጥፎ ሽታና ምራቅ ማዝረብረብ የአፍ ኢንፌክሽንን ያሳያሉ። ሄርፒስ ቫይረስም ይህን የመሰለ ቁስል ያመጣል፤ በተለይ ለግሪክና ለኸርማን ኤሊዎች አደገኛ ነው። ኤሊ ጥርስ የለውም፤ የሚነጨው በቀንድ መሰል ምንቃሩ ነው። ምንቃሩ ከልክ በላይ ካደገ ወይም ከተጣመመ መብላት ያቅተዋል።

ጆሮ፦ የኤሊ የጆሮ ታምቡር ከዓይኑ በስተኋላ ባለ ክብ ሽፋን ሥር ይገኛል። በአንድ ወይም በሁለቱም በኩል እንደ እባጭ ከወጣ፣ ውስጡ መግል ቋጥሯል ማለት ነው። የኤሊ መግል ፈሳሽ ሳይሆን ጠጣር ስለሆነ በመድኃኒት ብቻ አይወጣም፤ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ያወጣዋል።

ቅርፊት፦ የኤሊ ቅርፊት እንደ ልብስ የሚወልቅ ሳይሆን ከአከርካሪና ከጎድን አጥንት ጋር የተዋሃደ ሕይወት ያለው አጥንት ነው። በላዩ ላይ ጥፍርና ቀንድ በሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ በኬራቲን፣ የተሸፈኑ ንጣፎች አሉ። በንጣፎቹ መካከል ነጣ ብሎ የሚታየው መስመር የእድገት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። የአዲስ ተፈልፋይ ቅርፊትም በመጠኑ ይለጠጣል። ከዚህ ውጭ ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ የተጣመመ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ቅርፊት የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ3 እጥረት ያስከተለው የአጥንት በሽታ ምልክት ነው። ሽታ ያለው፣ የሚላላጥ፣ ጉድጓድ ያበጀ ወይም ፈሳሽ የሚያወጣ ስፍራ በባክቴሪያ ወይም በፈንገስ መበከሉን ያሳያል። በሆድ በኩል ባለው ቅርፊት ላይ የሚታይ አዲስ ቅላት ወይም ደም የመሰለ ፍካት ኢንፌክሽኑ ወደ ደም መግባቱን ሊያመለክት ስለሚችል አስቸኳይ ነው።

በብዙ የቤት ኤሊዎች ላይ እያንዳንዱ ንጣፍ እንደ ትንሽ ተራራ ሾጥጦ ይታያል። ይህ ለረጅም ጊዜ ከፕሮቲን ብዛት ብቻ እንደሚመጣ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በሱልካታ ግልገሎች ላይ የታተመ ጥናት ግን ዋናው ምክንያት በእድገት ወቅት ያለው የአየር ድርቀት መሆኑን አሳይቷል። አንዴ የሾጠጠ ቅርፊት ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ሆኖም አያያዙ ከተስተካከለ አዲሱ እድገት ለስላሳ ይሆናል።

እግርና አካሄድ፦ እግርን መጎተት፣ መንቀጥቀጥ፣ በደረት መሬት ላይ መንፏቀቅ፣ በአንድ እግር ብቻ መዞር ወይም የመገጣጠሚያ እብጠት የአጥንት በሽታን፣ ስብራትን፣ ሪህን ወይም የነርቭ ችግርን ይጠቁማል። የኋላ እግሮች መድከም በፊኛ ውስጥ ድንጋይ ሲኖር ወይም እንስት ኤሊ እንቁላሏ ሲያዝባትም ይታያል።

ሽንትና ዓይነ ምድር፦ ኤሊ ከሽንቱ ጋር ዩሬት የተባለ ነጭ ነገር ያወጣል። እንደ እርጎ ወይም እንደ ቀጭን ቅባት ከሆነ ጤናማ ነው። እንደ አሸዋ የሻከረ ወይም እንደ ኖራ የደረቀ ከሆነ ሰውነቱ ውኃ ማጣቱን ያሳያል፤ ችላ ከተባለ በፊኛው ውስጥ ወደ ድንጋይነት ሊለወጥ ይችላል። ዓይነ ምድሩ ቅርጽ ያለውና ሣር የሚታይበት ሊሆን ይገባል። ተቅማጥ፣ ደም፣ ብዙ ትል ወይም ለረጅም ጊዜ ዓይነ ምድር አለመኖር ምርመራ ይፈልጋል። ጥቂት ትል መኖሩ ግን በኤሊ አንጀት የተለመደ ነው።

ቆዳ፦ በእግርና በአንገት እጥፋቶች ውስጥ መዥገር፣ ቁስል ወይም የዝንብ እጭ መኖሩ ይፈተሻል። ከአፍሪካ የሚመጡ ኤሊዎች ላይ የሚገኙ አምብሊዮማ የተባሉ መዥገሮች ሀርትዎተር የተባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። በዚህ ስጋት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ነብርማ ኤሊና ሱልካታ ወደ አገሯ እንዳይገቡ ከልክላለች።

አስቸኳይ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች

የሚከተሉት ከታዩ እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም፦

• አፍ ከፍቶ ወይም አንገትን አስረዝሞ መተንፈስ፤
• ሙቀት አግኝቶም እንኳ አለመንቀሳቀስ፣ ጭንቅላትና እግር ልል ብሎ መንጠልጠል፤
• ከጅራቱ ሥር ሥጋ የመሰለ የውስጥ አካል ወጥቶ መቅረት፤
• የቅርፊት መሰንጠቅ፣ የውሻ ንክሻ ወይም የሚደማ ቁስል፤
• እንስት ኤሊ ለቀናት እያማጠች ወይም ጉድጓድ እየቆፈረች እንቁላል አለመጣል፤
• በቁስል ላይ የዝንብ እጭ መታየት፤
• ከወደቀ ወይም ተገልብጦ በፀሐይ ከቆየ በኋላ መድከም።

የወጣ የውስጥ አካል እንዳይደርቅ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፤ በእጅ ወደ ውስጥ አይገፋም። በውሻ የተነከሰ ኤሊ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ ምክንያቱም የውሻ ጥርስ ቅርፊቱን አልፎ ኢንፌክሽን ወደ ሰውነት ውስጥ ያስገባል።

የአብዛኞቹ ችግሮች ምንጭ

የቤት ኤሊ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው ከአያያዝ ነው። ስለዚህ ምልክት ሲታይ ከኤሊው ጋር አብሮ የሚመረመረው መኖሪያው ነው።

ሙቀት፦ ነብርማ ኤሊና ሱልካታ በቀን የሚሞቁበት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚደርስ ስፍራና ሲበቃቸው የሚሸሹበት ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ያስፈልጋቸዋል። ከቆላ ተይዞ ወደ ደጋ ከተማ የመጣ ኤሊ ትልቁ ፈተናው ይህ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ በክረምት ቀኑ ደመናማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ መሬቱም እርጥብ ነው። ብርድና እርጥበት ሲገናኙ የመተንፈሻ አካል ሕመም ይከተላል። ደረቅ ወለልና ከነፋስ የሚከልል የማታ ማደሪያ ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

ብርሃን፦ ኤሊ ካልሲየምን ለመጠቀም የሚያስችለውን ቫይታሚን ዲ3 የሚሠራው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ቆዳው ላይ ሲያርፍ ነው። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ያስቀረዋል። ስለዚህ በመስኮት በኩል ፀሐይ የሚሞቅ ኤሊ ሙቀቱን እንጂ ጥቅሙን አያገኝም። ፀሐይ በማይገኝበት አገር ለዚሁ የተሠራ መብራት ይተከልለታል፤ መብራቱ ቢበራም ጨረሩ ከጊዜ ጋር ስለሚዳከም በየጊዜው ይለወጣል።

ምግብ፦ ነብርማ ኤሊና ሱልካታ ሣር በል ናቸው። ዋና ምግባቸው ልዩ ልዩ ሣር፣ ድርቆሽና ቅጠላ ቅጠል ሲሆን፣ እሾሁ የተነሣለት የበለስ ቁልቋልም ይስማማቸዋል። በምግባቸው ውስጥ ካልሲየም ከፎስፈረስ ቢያንስ በእጥፍ ሊበልጥ ይገባል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ሥጋና ወተት አይስማሟቸውም። ቆስጣ ኦክሳሌት ስላለበት ካልሲየምን ያስራል፤ የዘወትር ምግብ አይደረግም።

ውኃ፦ የበረሃ እንስሳ መሆኑ ውኃ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ግልገሎች በሳምንት ጥቂት ጊዜ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ውኃው ከአገጫቸው ከፍ ሊል አይገባም።

ሕክምናና ጥንቃቄ

የሚበላ ነገር በግድ ማጉረስ ለቀዘቀዘ ኤሊ ጎጂ ነው፤ ሳይሞቅ ምግብ ስለማይፈጭ በሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ለብ ያለ ውኃ ያገኛል፣ ከዚያ ይመገባል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጠነቅቀው አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል የውስጥና የውጭ ጥገኛ ተሕዋስያን በስፋት የሚሰጥ በመሆኑ በኢትዮጵያ በቀላሉ ይገኛል። ለኤሊ ግን መርዝ ነው፤ እግሮቹን ሽባ አድርጎ ሊገድለው ይችላል። ነብርማ ኤሊን ያካተተ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ይህን ካሳየ ወዲህ ሐኪሞች ለኤሊ አይሰጡትም። ትል ወይም መዥገር የታየበት ኤሊ ባለቤት ለበግ የተገዛ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ይህን ማወቅ ይኖርበታል። መዥገር በመቆንጠጫ ከሥሩ ይነቀላል፤ ለትል ሐኪም ሌላ መድኃኒት ይመርጣል።

በኢትዮጵያ አብዛኛው የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት ያተኮረው በእርባታ እንስሳት ላይ ነው። ስለሆነም ባለቤቱ ለሐኪሙ የሚያቀርበው መረጃ ትልቅ ዋጋ አለው። የክብደት መዝገብ፣ የምግብ ዝርዝር፣ የመኖሪያው ሙቀት፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀንና ትኩስ የዓይነ ምድር ናሙና ይዞ መሄድ ምርመራውን ያቀልላል። የአጥንት በሽታ፣ የፊኛ ድንጋይና የተያዘ እንቁላል በራጅ ይታያሉ።

የሰው ጤናና ሕግ

ጤነኛ የሚመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በአንጀቱ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ባክቴሪያው በሰው ላይ ትኩሳትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ይከፋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የቅርፊታቸው ርዝመት ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ኤሊ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ዕቃውን በምግብ ማብሰያ ስፍራ አለማጠብና ሕፃናት እንዳይስሙት መከልከል በቂ መከላከያ ነው።

ነብርማ ኤሊና ሱልካታ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ስምምነት 2ኛ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ከዱር የተያዘ ሱልካታ ለንግድ ወደ ውጭ እንዳይላክም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ኮታው ዜሮ ሆኗል። በመንገድ ዳር የተገኘ ጤነኛ የዱር ኤሊ ወደ ቤት አይወሰድም፤ ይሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ መንገዱን ማሻገር ይበቃል። ለዓመታት በቤት የኖረ ኤሊም፣ በተለይ የታመመ ከሆነ፣ ወደ ዱር አይለቀቅም፤ የያዘውን በሽታ በዚያ ላሉት ያስተላልፋል።